ባለቤት ያልተገኘለት ብርሃን

ይህን የምጽፈው ማንም ጻፍ ስላለኝ አይደለም። ጻፍ የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በቅጹ ላይ እጽፍ ነበር፤ ቅጹ ደግሞ ስለ ልብ የሚጠይቅ ዓምድ የለውም። ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር መዝገብ ቤት ውስጥ መዝጋቢ ሆኜ ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰዎች ቁጡ ይሉኛል፤ አልክድም። አንድ ወድቆ የተገኘ ጃንጥላ ጥቁር ነው ወይስ ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ በሚል ክርክር ከአለቃዬ ጋር አራት ወር ተኳርፌአለሁ። ጃንጥላው ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ የእኔ ፊርማ ያለበትን ነገር የሚጠራጠር ሰው የለም። ይህን ያነሳሁት ለመመካት አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ከተማችን ያለችው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለውን የኖራ ድንጋይ ኮረብታ እየቆፈረችና እያቃጠለች ስልሳ ሦስት ዓመት ኖራለች። ምድጃው ቀንም ሌትም አይጠፋም ነበር፤ ጢሱና ብናኙም እንደ ድስት ክዳን ከላያችን ላይ ተደፍቶ ኖረ። በቀን ፀሐይን እናያለን። ጨረቃ ቅባት የነካው ሰሃን ትመስል ነበር። ከዚያ ውጭ ሰማይ ላይ አለ ስለሚባለው ነገር የምናውቀው በወሬ ነበር። ሰላምታችንም ከዚያ የመጣ ነው፤ የከተማችን ሰው ሲገናኝ አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ በመዳፉ አንድ ጊዜ ያራግፋል። ኖራ ነጭ ስለሆነ ያልተራገፈ ትከሻ ከሩቅ ይለያል፤ ሰላም የሚለው ሰው የሌለው መሆኑም ይታወቃል። ለሐዘንተኛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይራገፋል።

የመዝገብ ቤቱን ሕግ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ሕጉ ሦስት አንቀጽ ብቻ ነው። ባለቤት የሌለው ነገር ይመዘገባል። የተመዘገበውን ነገር «አውቀዋለሁ» ያለ ሰው ባለቤቱ ነው። ነገሩ ጉዳት አድርሶ ከሆነ ባለቤቱ ነገሩን ይዞ ከተማውን ይለቃል። ሁለተኛው አንቀጽ የወጣው ድሮ አህያቸው የሰው ጓሮ ስትገባ «አላውቃትም» እያሉ የሚክዱ ሰዎች በመብዛታቸው ነው ይባላል። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ አፉን አዳልጦት «ኧረ አውቃታለሁ፣ ተናካሽ ናት» አለ፤ በዚያው ተያዘ፤ ዳኞቹም ዘዴውን ወደዱት።

ከዚያ ወዲህ የከተማችን ሰው «አውቃለሁ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አያወጣም። መንገድ ብትጠይቁት «በዚያ በኩል ሳይሆን አይቀርም» ይላችኋል፤ የሚያመለክተው የገዛ ቤቱን ሊሆን ይችላል። «ሚስትህን ታውቃታለህ?» ሲባል «አብረን እንኖራለን» ይላል። እንዲህ ሆነን በሰላም ኖርን።

ከሰባት ዓመት በፊት የኖራው ድንጋይ አለቀ። ምድጃው ጠፋ። ሦስት ሳምንት ዝናብ ዘነበ። ዝናቡ ባባራ በማግስቱ፣ ፀሐይ ጠልቃ አድማሱ ገና ቢጫ እንደሆነ፣ ከቄራው ጀርባ በምዕራብ በኩል አንድ ብርሃን ታየ። ብቻውን ነው፤ ትልቅ ነው፤ ድምፅ የለውም።

መጀመሪያ ወደ ቢሮዬ የመጣው ጋሪ ነጂው ጫኔ ነው። በሩን ሳያንኳኳ ገባ፤ ትከሻዬን ማራገፍ እንኳ ረሳ።

«ጋሼ መዝጋቢ፣ መዝገቡን ያውጡ።»

«ምን ጠፋብህ?»

«አልጠፋብኝም፤ ተገኘ እንጂ።»

«ምን ተገኘ?»

«እኔ! እኔ ነኝ የተገኘሁት። አንድ ነገር አገኘኝ።»

አስቀመጥኩት። ውሃ ሰጠሁት። ከድልድዩ ጀምሮ እንደተከተለው ነገረኝ። ጋሪውን ሲያቆም ቆመ። ሲያስሮጥ ሮጠ። በቄራው ሲያልፍ ከጣሪያው ኋላ ተደብቆ ጠበቀውና በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ።

«ፈረስህስ ደነገጠ?»

«ፈረሱ እንኳ ቀና ብሎ የማየት ልማድ የለውም። ግን እኔ ስፈራ አይቶ እሱም ፈራ።»

ጻፍኩ። እሱ ሳይወጣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ገባች፤ በወጥ ቤቷ መስኮት አጮልቆ አይቷታል። እሷ ሳትጨርስ የድልድዩ ዘበኛ እያነከሰ ገባ፤ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሲያየው ከድልድዩ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሯል። በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው መዘገብኩ። ሁሉም ብርሃኑ የተከተለው እሱን ብቻ መሆኑን በመሐላ ያረጋግጣል። አድማሱ አጠገብ ሲደርስ ቀይና አረንጓዴ እየሆነ ይጠቅሳቸዋል። ሁለት ጎረቤታሞች በዚሁ ጠረጴዛዬ ፊት ተጣልተዋል።

«እኔን ነው የተከተለው!»

«አንተን? አንተን የራስህ ውሻ እንኳ አይከተልህም!»

ጉዳቱም በዛ። አንድ የሠርግ አጃቢ ከነከበሮው ተበተነ፤ ሙሽራዋ መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ በመጨረሻ በእግሯ ሄዳ ሙሽራውን ከአልጋ ሥር አወጣችው። ያን ጊዜ ከተማው «የአንገት ሹም» የሚባል አዲስ ባለሥልጣን ሾመ። ከጣሪያ ክፈፍ በላይ ቀና ብሎ ለማየት ፈቃድ ግድ ሆነ። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ብርሃኑን አይቶ ለማመልከት ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች መስኮት ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ ቆይተው የሚወጡትን ሌሎቹን ብርሃኖች፣ እልፍ አእላፉን፣ ማንም አላያቸውም። ቢያዩአቸው ኖሮ አንዱን ብቻውን አይፈሩትም ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

እኔስ? እኔ አውቅ ነበር። እዚህ ላይ ልጽፈው እንጂ። በወጣትነቴ ሰማይዋ ክፍት በሆነ ሌላ ከተማ ተምሬአለሁ፤ መምህራችን ይህችኑ ኮከብ በጣቱ እያሳየ ምሽት ላይ በምዕራብ፣ ጎህ ሲቀድ በምሥራቅ የምትታየው አንዷ መሆኗን አስተምሮናል። ሰፈሯ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ከፀሐይ ብዙ አትርቅም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሁለተኛው አንቀጽ ትዝ አለኝና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልኩ። ስለ ጃንጥላ ቀለም አራት ወር የተኳረፍኩት ሰውዬ ማለት ነኝ።

በአሥረኛው ቀን ነው ጋሽ ሰጥአርጌ የተናገረው።

ጋሽ ሰጥአርጌ ቢላ እየሳለ የሚኖር ሰው ነው። መሞረጃውን በጀርባው አዝሎ በየሰፈሩ ይዞራል። ከተማችን ከመግባቱ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት ከምሥራቁ ሜዳ ጨው በግመል ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ሜዳው ውሃ የለውም፤ በቀን አይኬድበትም። አንድ ጊዜ ጨው ሊያራግፍ መጥቶ ማንጠግቦሽ የምትባል ዓይነ ስውር ሴት አገባና ቀረ። እትዬ ማንጠግቦሽ ያቺን ቤት በእጇና በእርምጃዋ ነው የምታውቃት፤ ከአልጋ እስከ በር አሥራ አንድ፣ ከበር እስከ ቧንቧ አርባ። ከቧንቧው ወዲያ ያለው ዓለም የባሏ ክንድ ነው።

ያን ቀን ምሽት አደባባዩ ላይ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ክፈፍ ሥር ታጭቆ ቆሟል። ብርሃኑ ወጥቷል። አንዲት እናት ልጇን በቅርጫት ከድና ታለቅሳለች። እኔም መዝገቤን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜአለሁ። ጋሽ ሰጥአርጌ መሞረጃውን እንዳዘለ ከሥራ ሲመለስ ደረሰ።

«ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

«ዝቅ ይበሉ ጋሼ! ያየዎታል!»

«ማነው የሚያየኝ?»

አንዱ ቀና ሳይል በአውራ ጣቱ ወደ ላይ አሳየው። ጋሽ ሰጥአርጌ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የሆነውን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ሠላሳ ዓመት ያላያትን እህቱን ያየ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ሳቀ። ልጁን ከቅርጫቱ ሥር አወጣና አቀፈው።

«እናንተ ልጆች፣ እሷን ነው የምትፈሩት? እሷን እኮ አውቃታለሁ!»

ያንን ቃል ሲሰማ አደባባዩ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። 

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ሰው የተሰማው ደስታ ነው። «ባለቤቱ ተገኘ! ተገኘ!» እያለ ተሰበሰበና ትከሻውን ያራግፈው ጀመር። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ሁለት ዳቦ አስታቀፈችው። ጫኔ እጁን ይዞ ለመነው።

«ጋሼ፣ ሞትኩልዎ፣ ይሰብስቡልን። ወይ ማታ ማታ ያስሩልን።»

«እንዴት አድርጌ ላስራት የኔ ልጅ? ግመል መሰለችህ?»

ቀልድ መስሎት ይስቃል። እነሱም ይስቃሉ፤ ፍርሃቱ ስለለቀቃቸው። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። መዝገቡ እጄ ላይ ነበር፤ ዓምድ አራት፣ «ባለቤት» የሚለው፣ ለአሥር ቀን ባዶ ሆኖ ቆይቷል። ምስክሩ መቶ ሰው ነው። ጻፍኩ።

ችሎቱ የተሰየመው በማግስቱ ከቀትር በፊት ነው። ሰብሳቢው ዋናው ባለቤት ፈላጊ፣ ክቡር አቶ ጥላዬ፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ከከተማ እንዲወጣ የፈረደ ዕለት እራቱን አይበላም። ሕጉን ግን ይወዳል፤ አጭር ነውና።

«ጋሽ ሰጥአርጌ፣ ይህን ነገር አውቀዋለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ ጌታዬ። ኮከብ ናት። የምታስፈራ አይደለችም፤ በእሷ ነው ስንሄድ የኖርነው። ደግሞ በቅርቡ ትሄድላችኋለች፣ አትጨነቁ። በየምሽቱ ዝቅ ዝቅ ትላለች፤ ሃያ ቀን ገደማ ሲሆን ፀሐይዋ ውስጥ ትገባለች። ስምንት ቀን ያህል አትታይም። በዘጠነኛው ጎህ ሲቀድ በምሥራቅ በኩል ትወጣለች።»

ሰውየው ይህን የተናገረው እንዲረጋጉ ነው። በሕይወቴ ካየኋቸው ደግነቶች ሁሉ እንደዚህ ክፉ ውጤት ያመጣ የለም።

አቶ ጥላዬ ብዕሩን አስቀመጠ። «የሚወጣበትንና የሚገባበትን ቀን ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝ። አይቼ ነዋ!»

«እንግዲህ ክቡራን፣» አለ ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ «አንድ ከብት የሚወጣበትንና የሚገባበትን ሰዓት የሚያውቅ ማነው?»

«ባለቤቱ!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

ከኋላ ወንበር ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ተነሣች። «ጌቶቼ፣ ይቅርታ። ያ ነገር ምን ይመስላል?»

ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እሷ ቀጠለች።

«የጠየቅኩት እኔ አይቼው ስለማላውቅ ነው። ቤቴን የሚያፈርሰውን ነገር ሳላየው ይቅር እንዴ?»

«እርስዎ እኮ አልተከሰሱም እትዬ፣» አለ አቶ ጥላዬ በለሰለሰ ድምፅ። «እርስዎ መቅረት ይችላሉ።»

«እሱ ሄዶ እኔ የት ነው የምቀረው?»

ይህ ጥያቄ በመዝገቡ አልገባም። ፍርዱ ግን ገባ፦ ንብረቱ የሰው እግር የሰበረና ሠርግ የበተነ ስለሆነ፣ ባለቤቱ የይግባኙ ጊዜ ሲያልቅ ምሽት ላይ ንብረቱን አስቀድሞና እየተከተለ ከከተማው ይውጣ።

ይግባኙ የሚያልቀው በሃያ አንደኛው ቀን ነበር። ከፍርዱ ቀን ጀምሮ ትከሻውን ሲያራግፍ የነበረው ሕዝብ ጋሽ ሰጥአርጌን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ኖራ ከቀረ ሳምንታት ቢሆነውም፣ ትከሻው ላይ ነጭ ነገር ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሁለት ዘበኞች ሊሸኙት ምሽት ላይ በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ሰጥአርጌ ከመሞረጃው ጋር ወጣ። እትዬ ማንጠግቦሽ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ ክንዱን ጨብጣለች። ዘበኞቹ ወደ ምዕራብ አዩ። ምንም የለም።

«ንብረቱ የት አለ?»

«ገብታለች። ነግሬአችሁ ነበር።»

ዘበኞቹ ተያዩ። ፍርዱ «ንብረቱን አስቀድሞ» ይላል። የሌለ ንብረት እንዴት ይቀድማል? ወደ አቶ ጥላዬ ተላከ። አቶ ጥላዬ አሰበና ንብረቱ እስኪመለስ ፍርዱ ይቆይ፣ ሰውየው ከቤት እንዳይወጣ አለ። እራቱን በላ ይባላል።

ኮከቧ በገባች በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ ሰጥአርጌ ቤት ሄድኩ። ምክንያቴ የማስታወቂያ ወረቀት ማድረስ ነበር፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ሕዝቡ በተቆፈረው ኮረብታ ላይ እንዲሰበሰብና ንብረቱ እንደተባለው ከወጣ ፍርዱ በዚያው እንዲፈጸም ያዛል። በምሥራቅ በኩል ያለው ውሃ የሌለው ሜዳ ብቻ ነው። ጋሽ ሰጥአርጌ ዕድሜው ሰባ አንድ ነው፤ አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የቤቱን ቢላ ይስላል። ትከሻውን ላራግፍ እጄን ስዘረጋ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ታውቃለህ አይደል?»

እጄ ቆመ። «ምኑን?»

«ተው እንጂ። ያን ቀን ሁሉም ፈርቶ መሬት መሬት ሲያይ፣ አንተም ዓይኔን ስታገኝ መሬት አየህ። ግን አንተ የፈራኸው እሷን አይደለም።»

በሩ ላይ የቆመችው እትዬ ማንጠግቦሽ ድምፄን ለይታ ኖሮ ወደ እኔ ዞረች።

«ጌታው መዝጋቢ፣ እስቲ ይምከሩት። ነገ ሲጠይቁት አላውቃትም ይበልና ይገላግለን።»

«እንዴት አላውቃትም እላለሁ?» አለ ጋሽ ሰጥአርጌ። ድምፁ ሲነሣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ወንድሜን ቀብሬ፣ ውሃ ጨርሼ፣ ግመሎቹ ተኝተውብኝ፣ እሷ ናት በምሥራቅ ወጥታ ያስነሣችኝ። እሷን ፊት ለፊት አድርጌ ሄጄ ነው ጉድጓዱን ያገኘሁት። እና እዚያው እያየችኝ አላውቃትም ልበል?»

«አታይህም አንተ ሰውዬ! ኮከብ ናት ብለኸኝ የለም?»

«እኔ ግን አያታለሁ፣» አለ።

ወረቀቱን ሰጥቼው ወጣሁ። እንቅልፍ ስለማጣቴ አልጽፍም።

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ያልነበረ ሰው የለም። የአንገት ሹም ለሁሉም የአንድ ጊዜ ፈቃድ ሰጥቷል። ምሥራቁ ወገግ ሲል፣ ከሜዳው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ጥርት ብላ ቆማ ታየች። ሕዝቡ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«መጣ!»

«ያው ነው!»

«ያው አይደለም፣ ይሄኛው ወፈር ይላል፣» አለ ጫኔ። «ደግሞ ትሑት ነው። ከቤት እስከዚህ ስመጣ አልተከተለኝም።»

«አንተ ስትመጣ መች ወጥቶ ነበርና ይከተልሃል?»

«ያኛው እኮ ሳይወጣም ይከተለኝ ነበር!»

አቶ ጥላዬ እጁን አነሣና ጸጥ አሰኘ። «ዓምድ ሰባት፣» አለ ወደ እኔ ዞሮ። ዓምድ ሰባት እንዲህ ይላል፦ ነገሩ ከዚህ በፊት የተመዘገበ ነው ወይስ አዲስ? የሚሞላው መዝጋቢው ነው። መዝጋቢው አዲስ ነው ካለ የቀድሞው መዝገብ ይዘጋል፤ የቀድሞው ባለቤትም ስለ አዲሱ አይጠየቅም። መዝጋቢው የተመዘገበ ነው ካለ ግን ቀጥሎ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ምን እንደሚመልስ አውቃለሁ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀጉሩ ላይ ብርሃን አለ፤ አፉ ለመናገር ተዘጋጅቷል። እትዬ ማንጠግቦሽ ጥቅል ልብሷን በብብቷ ይዛ፣ በሌላው እጇ እርምጃ የማታውቅበትን መሬት በዱላ ትነካካለች።

«መዝጋቢ፣» አለ አቶ ጥላዬ፣ «አንተ ለጃንጥላ ቀለም እንኳ የማትዋሽ ሰው ነህ። አንተ ያልከውን እንቀበላለን። ያው ነው ወይስ ሌላ?»

መምህሬን አስታወስኩት። ጣቱን አስታወስኩት። አንዷ ናት ሲል አጥብቆ ነበር የሚናገረው፤ ሰው ሁለት ናቸው እያለ ለሺህ ዘመን ሲሳሳት ኖሯል፣ እናንተ እንዳትሳሳቱ ብሎናል። ብዕሬን አወጣሁ።

«አዲስ፣» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ሳነበው እንደ ልማዴ ተቆጥቼ ነበርና ሁሉም አመነኝ።

«ኧረ ልጄ—» አለ ጋሽ ሰጥአርጌ። ሚስቱ ክንዱን ጨመቀችው። የሰማሁት ያችን «ልጄ» ብቻ ነው።

አቶ ጥላዬ ከልቡ እፎይ አለና የመዝጊያውን ቃል አነበበ። «የመጀመሪያው ብርሃን ባለቤቱን ጥሎ ስለጠፋ መዝገቡ ተዘግቷል። ንብረቱ የጠፋበትን ሰው እናጽናናለን።» ሕዝቡም ሕግ አክባሪ ነውና ተሰለፈ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ ጫኔ፣ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረው ዘበኛ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እየመጡ የጋሽ ሰጥአርጌን ትከሻ ሁለት ሁለት ጊዜ አራገፉ። «ያጽናዎት» አሉት። «እንደሱ ያለ ይተካልዎት» አሉት። የጠፋችበት ኮከብ ከሰልፉ ራስ በላይ ቆማ ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ እሱ ወደ እኔ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔን ሳያይ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን አንድ ጊዜ አራገፈ። ቆየ። ደገመው።

እነሆ ሰባት ዓመት አለፈ። እሷ ወር ቆጥራ ትጠፋለች፤ ጊዜዋን ጠብቃ በምዕራብ ትመለሳለች፤ እንደገና ገብታ በምሥራቅ ትወጣለች። በወጣች ቁጥር እጠራለሁ፤ በተጠራሁ ቁጥር «አዲስ» እጽፋለሁ። ዛሬ ከተማችን ዘጠኝ ብርሃን መዝግባለች። ሰው ለምዷቸዋል፤ መስኮቶች ተከፍተዋል፤ የአንገት ሹም ጡረታ ወጥቷል። በትምህርት ቤት ግን ልጆች ዘጠኙን በየተራቸው በቃላቸው ይወጣሉ፤ አራተኛው ትሑት፣ ሰባተኛው ወደ ቀይ የሚያደላ ነው እየተባለ። አንድ ቀን ሳልችል ቀርቼ አስተማሪው ቢሮ ገባሁና «አንዷ ናት! አንዷ!» ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። ወጣቱ አስተማሪ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ዘጠኝ ቅጂ አወጣ። ሁሉም ላይ ፊርማዬ አለ።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «እኛ ማንን እንመን?»

ቤቴ ስሄድ የማልፈው በጋሽ ሰጥአርጌ ደጃፍ ነው። ምሽት ላይ ሁለቱ በር ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ሰማዩ ፊቷን አቅንታ ትጠይቀዋለች።

«ወጣች?»

«ወጣች።»

«የትኛዋ?»

«ያቺው ናት። አውቃታለሁ።»

ሕጉ አልተሻረም። መዝጋቢ የሆነ ሰው ይህን ቃል በጆሮው ከሰማ በዓምድ አራት የመጻፍ ግዴታ አለበት። ከደጃፋቸው ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ጀምሮ እግሬን ጎተት አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው የማልፈው፤ ዝም እንዲሉ። ጋሽ ሰጥአርጌ እርምጃዬን ለይቶ ያውቃል፤ ይሰማኛል። ግን ዝም አይልም። እንዲያውም ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

አልሰማሁም።